ሜዳውን ማን ዘጋው? እስከ መቼ?



ዛሬ ስለ ክኒንም ስለ ምርመራም አልጽፍም። ስለ ሜዳ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ሰው ጠዋት ስለሚሮጥበት፣ ልጅ ኳስ ስለሚጫወትበት፣ ሽማግሌ አመሻሽ ላይ ነፋስ ስለሚቀበልበት ክፍት ቦታ። ይህን ቦታ የመዝጋት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሥልጣኑስ የት ድረስ ይሄዳል? «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የጠበቃ ሥራ ነው» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከራሴ ቤት፣ ከታካሚ ካርድ ልጀምር።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከማያቸው አዋቂ ታካሚዎች ብዙዎቹ የደም ግፊት ወይም የስኳር ክትትል ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎቻችን 16 በመቶ ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ለነዚህ ሰዎች ከመድኃኒቱ ጎን ሁልጊዜ የማዝዘው አንድ ነገር ነው፤ እንቅስቃሴ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ። ግፊት ያለበት ሰው ይህን አዘውትሮ ሲያደርግ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሊወርድለት ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደ አንድ ክኒን ሥራ የሚጠጋ ነው።

ችግሩ «በእግር ይሂዱ» ብዬ ስመክር «የት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ታካሚው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ለጂም የሚከፍለው ወርኃዊ ገንዘብ የለውም። አስፋልት ዳር እንዳይሄድ ባጃጁና ሞተሩ አላስቆም አላስቀምጥ ይለዋል። ለእሱ ሜዳው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ከሕክምናው ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ሜዳው ሲዘጋ እኔ የጻፍኩለት ነገር ወረቀት ላይ ይቀራል።

አርባ ምንጭ ተቀምጦ በዚህ ማማረር ያስቅ ይሆናል። ኩልፎ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ፣ ከተማችንን አልፎ፣ ጫካውን ሰንጥቆ ጫሞ ይገባል። ከተማዋን ስም ያወጡላት ምንጮች ከዳገቱ ሥር ይፈልቃሉ። ወዲህ አባያ፣ ወዲያ ጫሞ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ፣ ከዚያ ማዶ ነጭ ሣር። ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ እንግዳ «እዚህ አገር መናፈሻ ቸገረን» ብትሉት አያምናችሁም። ግን በዓይን የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ በእግር የሚገባበት አይደለም። ፓርኩ በር አለው፣ የመግቢያ ክፍያ አለው። ሐይቁ አዞ አለው። ሣር ያለበት ግቢ አጥር አለው፣ አጥሩ ጥበቃ አለው፣ ጥበቃው ደግሞ ትዕዛዝ አለው።

ስለዚህ የትዕዛዝ ጉዳይ እንዳስብ ያደረጉኝ አንድ ታካሚዬ ናቸው። ማንነታቸውንም ቦታውንም ሳልጠቅስ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ግፊታቸው ለረጅም ጊዜ ልክ ነበር፤ በአንዱ ቀጠሮ ሳየው ከፍ ብሏል።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ መድኃኒቱንስ እየወሰድኩ ነው ልጄ። ያቋረጥኩት እግሬን ነው» አሉኝ።

በየጠዋቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚዞሩበት ሜዳ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ለዓመታት ክፍት ነበር። አንድ ቀን ሄደው ሰንሰለት አገኙ። በሌላ ቀን በዚያ ሳልፍ ጥበቃውን ጠየቅሁት። «ከበላይ ነው የታዘዝነው» አለኝ። ከየትኛው በላይ? በደብዳቤ ነው? ለስንት ጊዜ? ልጁ ትሑት ነው፣ አልተቆጣኝም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ቁልፍ ያዥ ነኝ» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ምናልባት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ግንባታ ሊኖር ይችላል፣ ንብረት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የጸጥታ ሥጋትም ሊኖር ይችላል። እኔን ያንገበገበኝ መዘጋቱ አይደለም፤ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

መንግሥት ምንም መዝጋት የለበትም ባይ አይደለሁም። እንዲያውም እኛ ሐኪሞች መከልከል ይቀናናል። ጨው ተው፣ ስኳር ተው፣ ሲጋራ ተው። «ይሄን አድርግ» ከማለት «ተው» ማለት ይቀላል። ባለሥልጣንን ሳማ ይህንንም ልብ እላለሁ።

ኩልፎ ጫሞ የሚገባበት አካባቢ «አዞ ገበያ» የተባለው በከንቱ አይደለም። እዚያ መዋኘት የሚከለክል ትዕዛዝ ቢወጣ ምክር ቤት ተሰብስቦ ድምፅ ይስጥበት አልልም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ኩልፎ ታች በድንገት ሊሞላ ስለሚችል ልጆች ከወንዙ ይራቁ ቢባል የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ሲታወጅም ጤና ባለሙያው ሁሉ ክልከላ ያስፈልጋል ብሏል። ጂንካ የራሳችን ክልል ናት፤ እዚህም ድንጋጤ ነበር። ግን ማርበርግ በምን ይተላለፋል? በታመመ ወይም በሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ፤ ከእንስሳ ወደ ሰው ደግሞ ፍራፍሬ ከሚበሉ የሌሊት ወፎች። ስለዚህ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ይዘጋ፣ አስከሬን መንካት ይከልከል፣ ታማሚ ይለይ ማለት ልክ ነው። ሜዳ ላይ ተራርቆ የሚሮጠውን ሰው ማስቆም ግን ቫይረሱን ምንም አያደርገውም። ወረርሽኙ ማብቃቱ በጥር ተነግሯል፤ ምስጋና ለባለሙያዎቹ።

አንቲባዮቲክ ሳዝዝ ወረቀቱ ላይ የታካሚውን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ እጽፋለሁ። ስሜንና ፊርማዬን አኖራለሁ። ታካሚው ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። «እስከ ሌላ ጊዜ ድረስ ዋጥ» ብዬ ብልክ ፋርማሲው ራሱ ይመልስብኛል። የሰውን እግር የሚያስር ትዕዛዝ ከአሞክሲሲሊን ያነሰ ወረቀት ይዞ ለምን ይወጣል?

ወደ ሕጉ ልግባ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሕገ መንግሥቱ ግን በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ ማንበብ ይቻላል።

«የመናፈስ መብት» የሚል አንቀጽ የለም። አንቀጽ 32 በአገር ውስጥ በነጻነት የመዘዋወርን መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን። ጠዋት ወጥቶ መራመድ በእነዚህ ጥላ ሥር ነው ያለው። አንቀጽ 93 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ይመለከታል። የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲመጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊያውጅ ይችላል። ክልሎችም በተፈጥሮ አደጋና በወረርሽኝ ጊዜ በክልላቸው ማወጅ ይችላሉ። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ መብቶች ተዘርዝረዋል፤ የመዘዋወር መብት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ማለትም ሕጋዊ በሆነ መንገድ «ከቤት አትውጡ» ልንባል እንችላለን። ይሄን ቁርጥ አድርገን ብናውቀው ይሻላል።

ግን ያው አንቀጽ ለዚህ ትልቅ ሥልጣን ልጓም አበጅቶለታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያው ይሻራል። ከጸደቀም ዕድሜው እስከ 6 ወር ነው፤ ለማራዘም በየአራት ወሩ እንደገና ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የሚከታተል መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። መብት የሚታገደውም አዋጁን ያስከተለውን ችግር ለማስወገድ በሚያስፈልገው ደረጃ ብቻ ነው። ይህቺን የመጨረሻዋን ሐረግ ሳነብ የሐኪም ነፍሴ ደስ ይላታል። መጠኑ ለበሽታው በሚያስፈልገው ልክ፣ ከዚያ ሳያልፍ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በ2012 ዓ.ም. አይተናል። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። መጋቢት 30 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012ን አወጣ፤ ሚያዝያ 2 ፓርላማው አጸደቀው። ዕድሜው 5 ወር ተባለ። የማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 466/2012 ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ስፖርታዊ ጨዋታና የልጆች መጫወቻ ቦታዎችም ከተከለከሉት መካከል ነበሩ። የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት እስር ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» የምንልበት ጊዜ፣ ትዝ አላችሁ? እኔ ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ወደየቤታችን ተበትነናል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክልከላ ዛሬም እከላከላለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በወረርሽኝ ግን ያልቸኮለም ይቀብራል። ቫይረሱን ማንም አያውቀውም ነበር፣ የመተንፈሻ መሣሪያ እጥረት ነበረብን፣ ጣሊያን ውስጥ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ወራት ሲያልፉ ግን ማስረጃው እየጠራ መጣ። እስከ 2020 አጋማሽ የወጡትን ጥናቶች የሰበሰበ አንድ ግምገማ ከተመዘገቡት የኮቪድ ኢንፌክሽኖች ውስጥ ክፍት አየር ላይ የተላለፉት ከ10 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳየ። ነፋስ ባለበት ቦታ ከአፍ የሚወጣው ጠብታና ብናኝ ይበተናል፤ በተዘጋ ክፍል ይጠራቀማል። ስለዚህ ሰውን ከሜዳ አንስተን መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ማስቀመጥ ከአደጋ ወደ ባሰ አደጋ መውሰድ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ አልነበረም። ስፔን ውስጥ ልጆች ለስድስት ሳምንት ያህል ከቤት ደጃፍ እንዳይወጡ ተከልክለው ነበር። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከማርች 27 ቀን 2020 ጀምሮ ለስፖርት መሮጥን ሳይቀር ከለከለች። ሜይ ላይ ስታላላ ሰው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቤቱ 5 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ እንዲንቀሳቀስ ፈቀደች። እስቲ አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ ሊወጣ የሚችል ሰው በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ይታጨቃል! ጁን 2020 ላይ ፕሪቶሪያ ያለ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብዙዎቹ ክልከላዎች ከታለመላቸው ዓላማ ጋር አይገናኙም ሲል ወሰነ። በባሕር ዳርቻው የእግረኛ መንገድ ላይ ብዙ ሕዝብ እንዲሮጥ ተፈቅዶ አሸዋው ላይ እግር ማሳረፍ እንዴት ወረርሽኝ ያመጣል የሚል ነገር ዳኛው አንስተዋል። ውሳኔው በሚቀጥለው ዓመት ይግባኝ ላይ ተሽሯል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ቁም ነገሩ ግን መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርቦ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት መገደዱ ነው።

የእኛም የ2012 አዋጅ አምስት ወሩ ሲሞላ አበቃ። ያበቃው ባለሥልጣን ስለራራልን አይደለም፤ የሚያበቃበት ጊዜ ከመጀመሪያው ስለተጻፈበት ነው። ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30/2013ን አወጣ። የሚስማማችሁም የማይስማማችሁም ይኖርበታል፣ ግን ቁጥር አለው፣ ማን እንዳወጣው ይታወቃል፣ ተፈልጎ ይነበባል።

እኔን የሚያሳስበኝ እንግዲህ ይሄ ነው። ሁላችንም የምንፈራው ትልቁን አዋጅ ነው፣ ኮማንድ ፖስት የሚባለውን። ለሱ ቢያንስ በሕግ የተጻፈ ልጓም አለው፤ ሁልጊዜ ይከበራል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። ልጓም የሌላት ትንሿ ትዕዛዝ ናት። የአንድ ኃላፊ የስልክ ጥሪ፣ ጥበቃ ቤት ላይ የተለጠፈች ቁጥርና ቀን የሌላት ወረቀት፣ «ከበላይ ነው»። ይቺ 48 ሰዓት የላትም፣ 6 ወር የላትም፣ ሁለት ሦስተኛም የላትም። የማይታወጅ ነገር የማብቂያው ቀን ከየት ይመጣል? ኮሮና አልፎ ስንት ዓመት ሆነው፤ «በኮሮና ምክንያት» ተዘግቶ በዚያው የቀረ በር በየሰፈራችሁ ካለ እስቲ አስታውሱ።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባል ሕግ አለ። የወጣው በዚያው በኮቪድ ሰሞን ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲያደርግ፣ መመሪያው ተመዝግቦ በድረ ገጽ ይፋ እንዲሆን፣ በውሳኔ የተጎዳ ሰውም አቤት ብሎ እስከ ፍርድ ቤት እንዲደርስ መንገድ ያበጃል። ሹም ነኝና ያልኩት ሕግ ነው ማለት አይቻልም ነው ነገሩ። ግን ስሙ እንደሚለው የፌዴራል ነው። በክልል ያለን የከተማ አስተዳደር፣ ቀበሌን፣ የክልል ቢሮን በቀጥታ አይዝም። የሜዳና የመናፈሻ ውሳኔ ደግሞ አብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ታች ነው።

እዚህ ላይ እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች ዕድለኞች ነን። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመሠረት የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ የሆነችው ከተማችን ናት። አስፈጻሚው ወላይታ ሶዶ፣ ሕግ አውጪው አርባ ምንጭ። ተወካዮቻችን የዚህን ሜዳ ጉዳይ ለማንሳት ከባጃጅ የበለጠ ትራንስፖርት አያስፈልጋቸውም። የምንጠይቃቸውም ተራራ ግፉ ብለን አይደለም። ሕዝብ የሚገለገልበት ክፍት ቦታ ሲዘጋ ምክንያቱ፣ ያዘዘው ኃላፊ፣ የሚከፈትበት ቀንና አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ቀኑ ካለፈ በሩ ይከፈት። የሚራዘም ከሆነ ምክንያቱ እንደገና ይጻፍ። አንድ ገጽ ነው።

ከዚህ የከበደ ነገርም በደጃችን ሆኗል። ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ነው። በ1996 ዓ.ም. መንግሥት አፍሪካን ፓርክስ ከተባለ የውጭ ድርጅት ጋር ተፈራርሞ የፓርኩን አስተዳደር ሰጠው። በዚያው ሰሞን የኮሬ አርሶ አደሮች ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የጉጂ አርብቶ አደሮችን ለማስወጣት ሲሞከር ቤቶቻቸው ተቃጠሉ። ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም. ጥሎ ወጣ። ፊርማው መጣ፣ ፊርማው ሄደ፣ ጉዳቱ ግን ቀረ። አንቀጽ 92 በአካባቢ ጉዳይ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። የቤት ቃጠሎን ከጠዋት ሩጫ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ ያንን ሳስብ እንዲያውም የእኔ ሰንሰለት አፍሮ ይቀራል። የትዕዛዙ አወጣጥ ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ እዚያ የሚኖረውና የሚገለገለው ሰው የሰማው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

አስፈጻሚው የሚዘጋ ብቻ ሳይሆን የሚከፍትም ነው፤ ይሄም ይነገር። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ትዝ ይላችኋል? በወር አንድ እሑድ መኪና ቆሞ አስፋልቱ ለእግረኛ፣ ለብስክሌት፣ ለልጆች ኳስ ተለቀቀ። አዲስ አበባ ላይ አደባባይ መሐል ሰው ሲዘል ያየሁበት ቪዲዮ እስካሁን ደስ ይለኛል። የጤና ሚኒስቴር እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ከአንድ ሺህ ፖስተር በላይ ነው። በኋላም ሸገር ላይ አንድነት፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ የሚባሉ ፓርኮች ተከፈቱ፤ ያማሩ ናቸው። ግን በመልካም ፈቃድ የተሰጠ ነገር መልካም ፈቃዱ ሲያልቅ ይሄዳል። አዲስ ሹም መጣ፣ በጀት ጠበበ፣ ሌላ ፕሮግራም ተተካ፣ በቃ። መግቢያው በብር ሲሆን ደግሞ በሩ ክፍት ቢሆንም ለእኔ ታካሚ ያው ዝግ ነው። ትኬት ከፍሎ በዓመት አንዴ ፎቶ የሚነሱበት ፓርክ የሳምንት 150 ደቂቃን አይሞላም። ለጤና የሚጠቅመው ከቤት በአሥር ደቂቃ የሚደረስ፣ ነጻ የሆነ፣ አቧራም ቢሆን ግዴለም፣ ክፍት ሜዳ ነው።

ጋሞ ውስጥ ዱቡሻ የሚባል ነገር አለ። ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነገሩን የሚመክርበት፣ የሚታረቅበት፣ ሕጉን የሚያጸናበት ክፍት አደባባይ ነው። ጣራ የለውም፣ በር የለውም። ውሳኔው የሚሰጠው ሁሉም እየሰማ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋት ያስቆሙት ይህን ወግ ይዘው ነው። ማንንም በሰንሰለት አላሰሩም፤ ፊታቸውን አሳይተው፣ ምክንያታቸውን ተናግረው «እባካችሁ» አሉ። ወጣቱም ተመለሰ። እንዲህ ያለ ወግ ባለበት አገር፣ ስሙን የማይናገር ሰው በስልክ ያዘዘው ሰንሰለት በር ላይ ሲንጠለጠል ሳይ ትንሽ ይከነክነኛል።

«አሁን እኛ ምን እናድርግ?» ላላችሁ፤ ከጥበቃው ጋር አትጣሉ፣ እሱ ቁልፍ ያዥ ነው። አብራችሁ የምትሄዱ ሰዎች አንድ ላይ ሆናችሁ አጭር ማመልከቻ ጻፉ። የዘጋው ማን ነው፣ በምን ደንብ ወይም መመሪያ ነው፣ መቼ ይከፈታል ብላችሁ ጠይቁ፤ ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ። መልስ ከሌለ ወደ ከተማው ምክር ቤት፣ ወደ ተወካያችሁ፣ ወደ ዕንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል። ጤናን ስለሚመለከት የሐኪም ማስረጃ ከፈለጋችሁ ክትትል የምታደርጉበት ጤና ተቋም ጠይቁ፤ እኔ ለታካሚዬ «ለዚህ ሰው የእግር ጉዞ የሕክምናው አካል ነው» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። መልሱን ገና እየጠበቅን ነው።

ክትትል ያላችሁ ሰዎች ግን የደብዳቤ መልስ ስትጠብቁ እግራችሁን አትሰሩ። የእኛ ከተማ ሙቀት ስላለው ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ጥሩ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለው ዳገት ለጀማሪ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ሜዳማውን መንገድ በቀን 10 ደቂቃ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመራችሁ ወደ 30 አድርሱት። ከመኪና ፊት ለፊት በኩል ሂዱ፣ ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ። ማታ የምትወጡ ከሆነ ወባ አለና እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይሁን። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። እየሄዳችሁ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ ማዞር ከመጣ ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ካልተሻላችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።